ፊደል ለቃሚው

ካንዳ፥ ማተሚያ ቤት፥ ከምድር ቤቱ ጓዳ፣
ሱዋማ ሬይጂ መጣ፥ በዝናብ፥ እንግዳ።
ሃያ ሦስት ዓመቱ፤ ጫማው ውሃ ያዘለ፣
ረቂቁን ብቻ በብብቱ የከለለ።
«ቀስ ብለህ ልቀመው፤ የወንድሜ ታሪክ ነው።»
ድምፁ ዝግ ያለ ነበር፤ ዓይነ አፋር ሰው።

የሚሳኪ ወደብ፤ መረብ የሚጠግን አባት፤
ሳንባው የተበላ ልጅ፥ መስኮት ሥር የተኛበት፤
ማዕበሉን በሳሉ የሚቆጥር፥ ሌሊት ሌሊት።
(ለኛ ቃሉ ሁሉ የየራሱ እርሳስ አለው፤)
«ባሕር» የሚለው ፊደል ከሣጥኑ አለቀ፤
እጄ እንደ ጠቆረ ዓይኔ ውሃ አፈለቀ።
ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ አለቀስኩ፤
ለአለቃዬ ግን፥ «የቀለሙ ሽታ ነው» አልኩ።

መጽሐፉ ተሸለመ።
ከማዶ ሾርባ ቤት፥ ኦክሱን የምትባል፣
ከኮሪያ በልጅነት ያሻገራት ማዕበል፣
የልጅ ልጇን ንባብ በሱ አስጀመረች፤
«ሳሉን እንኳ ሰማሁት» ብላኝ ነበረች።

ከዚያ... ነጭ ጓንት፤ የመኪና ጣሪያ፤
የባቡር ጣቢያ ደጅ፤ የድምፅ ማጉያ።
ያ ዓይነ አፋር ልጅ፥ ጉሮሮውን ስሎ፣
«ቤታችን!» ይላል፥ «ባዳ ወርሶት ውሎ!»
ንግግሩ ለኅትመት እኔው ዘንድ መጣ፤
«አገር» አለቀ፤ «ክብር» አለቀ፤ «ጠላት» ታጣ።

በሙያችን ደንብ፥ ፊደል ሲጎድል
ሌላው ተዘቅዝቆ ይቆማል በቦታው።
ግርጌው ሲታተም ሁለት ጥቁር ሰረዝ፤
የእንጨት ጫማ ዱካ ነው የሚመስለው።
ያን ቀን የእርማቱ ወረቀት ሲወጣ
በየመስመሩ ኮቴ ብቻ፥ ሰው የለበት፣
መንጋ ያለፈበት ጭቃ።
ከጎረቤት ማተሚያ ቤት «ጠላት» ተበደርኩ፤
ቀዳዳውን ሁሉ አንድ በአንድ ደፈንኩ።

በሦስተኛው ሌሊት የኦክሱን መስታወት ረገፈ።
ጠዋት ስትጠርግ አንዳች አልተነፈሰች።
ሾርባዬን እንደ ወትሮው ቀድታ አስቀመጠች፤
ጣቶቼን ግን አየች።
የእርሳስ ጥቁረት በሳሙና አይለቅም።

ሚኒስትር ሆነ። ሻረ፤ ተሻረ።
በሰማንያ ዓመቱ ከሆስፒታል ረቂቅ ላከ፤
ዓለም በኮምፒውተር ሲያትም፥
«በእጅ ይለቀም፤ በዚያው ሰውዬ» ብሎ።
እንደገና ባሕር። እንደገና ሳል፤
አሁን የራሱ ሳል።
በመጨረሻው ገጽ «ወንድሜ ቢኖር ኖሮ» ይልና
ቀጥሎ አንዲት ቃል፣
በቀለም የተደፋች፥ ብርሃን ላይ ቢይዟት የማትነበብ።

ሦስት ቀን አየኋት። በአራተኛው ቀን ሞቱን ሬዲዮ ተናገረ፤
አንዳንዱ ባንዲራ ዝቅ አደረገ፤ አንዳንዱ ሬዲዮውን ዘጋ።
የኦክሱን የልጅ ልጅ መጣ፥ ጠጉሩ ሸብቷል፤
ያን የመጀመሪያውን መጽሐፍ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዟል።
«አልጣልኩትም፤ አልገለጥኩትምም» አለኝ።
ጠረጴዛዬ ላይ ትቶት ሄደ።

በተደፋችው ቃል ቦታ አንድ ፊደል ዘቀዘቅሁ።
ሁለት ጥቁር ሰረዝ።
ወደ ባሕሩ ይሁን ወደ አደባባዩ፣
ተረከዙ የቱ ጋ እንደሆነ አይለይም።