ሁለት ከአስራ ሦስት

የወንበሩን ጀርባ፣ ትንሿን መስታወት በጨርቅ ስወለውል፣
ካርታው አልጠፋም ገና፤ ነጩ አውሮፕላን ቦሌ ላይ ቆሟል።
«የቀረ ርቀት ዜሮ፣ የቀረ ጊዜ ዜሮ» ይላል።
ከሳኦ ፓውሎ እዚህ፣ ለአስር ሺህ ኪሎ ሜትር ጥቂት ይጎድላል፤
አስራ ሁለት ሰዓት ግድም ሰው ተጣጥፎ ከርሞበታል።
ከዚያ ሁሉ መንገድ ለእኔ የሚተርፈኝ
ፍርፋሪ፣ ያንድ እግር ካልሲ፣ ብርድ ልብስ የተረገጠ፣
ትራስ ላይ የቀረ የማላውቀው ሽቶ፣ ግማሹ የተላጠ
ብርቱካን።

ሠላሳ አራተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ ጥግ፣
መጽሔት ላስተካክል እጄን ኪሱ ውስጥ ብሰድ፣
ቀዝቃዛ ነገር ጣቴን ነካኝ።
የወንድ የእጅ ሰዓት። ይሠራል።
ሁለት ከአስራ ሦስት።
ጓንቴን ገፋ አድርጌ የራሴን አየሁት፤
ሁለት ከአስራ ሦስት።
ውጭው ጨልሟል።

«ያገሬ ሰው» አልኩኝ፣ «ይህን ሁሉ ባሕር ሲሻገር
መርፌዋን ሳይነካ፣ እንዳሰራት የሄደ የመጣ፣ በራሱ አቆጣጠር።»

ድንቃየሁ፣ ተቆጣጣሪው፣ መዝገቡን ዘርግቶ ሳቀብኝ።
«ያገርሽ ሰው አይደለም። ሰውየው ሰዓቱን ገና አላዞረም።
እነሱ ከእኛ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው፤
እኛም ከፈረንጅ ቆጠራ ስድስት ቀንሰን ነው የምንጠራው።
ስድስት እዚያ፣ ስድስት እዚህ፤ ቁጥሩ አንድ ሆኖ ቁጭ!
ልዩነቱ፣ ያንቺ ሁለት መብራት ይፈልጋል፣
የነሱ ሁለት ጥላ።»

አስመዘገብኩና ፈረምኩ፦
አንድ ሰዓት፣ ማሰሪያው ጥቁር፣ ባለቤቱ ያልታወቀ።

ሲነጋ ወጣሁ።
ከቦሌ ኮዬ ፈጬ ሠላሳ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላ፤
ሰልፉ ግን አጥር ይዞ ይታጠፋል፤ አንዱ ታክሲ ሞልቶ ሲሄድ ይጠበቃል ሌላ።
ቱሉ ዲምቱ አደባባይ የሲሚንቶ መኪና ተገልብጦ፣
ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ጉልበቴ ከሰው ጉልበት ተላትሞ፣ ተጋጭቶ፣ ተቀምጦ።
በዚህ ጊዜ እኮ፣ አውሮፕላን ቢሆን፣ ኮንጎን ያጋምሳል።
ለእኔ በየትኛው መስታወት ይጻፋል፣
«የቀረ ርቀት ይህን ያህል» ተብሎ?
ረዳቱ ብቻ ነው፤ «ጠጋ በሉ» ይላል።

አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም፤ ጄሪካኔን ይዤ ወጣሁ።
ጋደም ስል መስኮቱ ተንጫጫ፤
ሆዱ ነጭ፣ ክንፉን አዘንብሎ፣ ከጣሪያችን በላይ አለፈ።
ያበስኩት ወንበር ሰው ይዟል አሁን። ኪሱ ባዶ ነው፤ እኔ አውቃለሁ።
ጠዋት አራት ሰዓት ተነሳ፤ ማታ አራት ሰዓት፣ እኔ ሥራ ላይ ሆኜ፣ ያርፋል፤
እዚያም ግድግዳው ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አራት ይላል።

ኦብሴ ኮሪደሩ ላይ፣ ዓይኗን ከፀሐይ ጨፍና፣ ልብስ እያሰጣች፣
«ስንት ሰዓት ሆነ?» ብላ ጠየቀች።
ክንዴን አየሁ።
«አራት» አልኳት።
«ከሌሊቱ» ልላት ትንሽ ቀረኝ።