የክርኗ ባለቤት

ከሰባት ሰዓት በኋላ ድሬ ላይ ገበያ የለም፤
ያለው ወይ ምርቃና ነው፣ ወይ በላብ የራሰ ህልም።
እኔ ግን ታይዋን ገባሁ፣ በሸራው ጥላ ለጥላ፣
የአባቴን ካሜራ አንግቤ፣ እያየሁ ወደኋላ።

ጌዲ ጉንጩ ሞልቷል። ጉንጩን ሳያጎድል፣
"ግቢ እንጂ አቦ!" አለኝ፣ "ፀሐዩ ሰው ሊገድል!"
ከቻርጀር ክምር ሥር፣ ካሮጌ ሬዲዮ ጎን፣
በሕፃን ካልሲ ውስጥ ሸሽጎ ያኖረውን
አወጣ። ሌንሱን።

"ማን ነበር ባለቤቱ?"
"የጅቡቲ ሰው ነው። ሞተ። ሸጠችው ሚስቱ።"
(ጌዲ "እናቴ ትሙት" የሚለው ሲዋሽ ነው።
አሁን አላለም። አመንኩት።)

የስልኬን መብራት አበራሁ፣ ባንድ ዓይኔ ገባሁበት፤
ፊቱ መስታወት ላይ ፀጉር የምታህል ጭረት፣
ዳር ዳሩን የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ፣
ከባሕር ወበቅ ጋር በባቡር የመጣ በሽታ።
ቀለበቱን አዞርኩት፣ ከሃያ እስከ ሠላሳ አምስት፤
አሸዋ እንዳኘከ ጥርስ ቂርጭ ቂርጭ አለ ከውስጥ።
የብርሃን በሩ ምላጮች ዘይት ጠጥተዋል፤
ይሄኛው የድሬ ሥራ ነው፤
እዚህ አገር ቅባት እንኳ ቀልጦ ቤቱን ይለቃል።

"ስንት?"
"ዘጠኝ ሺህ።"
"ሻጋታውን ጨምሮ?"
"ሻጋታው ምርቃት ነው" አለኝ፣ ጉንጩን ወዲያ አዙሮ።

ነገሩ እንዲህ ነው።
ገንደ ቆሬ፣ አንድ ክፍል፣ አራት በአራት፤
አባቴ በዚሁ ካሜራ፣ በጠባቡ ሌንስ፣ አንድ ቅዳሜ ሌሊት
ሁላችንን ሊያነሳ ወደኋላ ሄደ።
ሄደ።
ግድግዳው ከለከለው።
"ጠጋ ጠጋ በሉ!" አለ። እንደ ክብሪት ተጠጋጋን።
አክስቴ ስንቅነሽ ትሪ ይዛ ዳር ቆማ ነበር፤
"እኔ ልውጣላችሁ" አለች፣ እንደ አመሏ።
አልወጣችም። አልገባችም።
ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ የተረፈው ከእሷ
የትሪው ጠርዝ ነበር፣ እና አንድ ክርን።

"የክርኗ ባለቤት" እያልን ስንት ዓመት ሳቅን።
እሷም አብራን ሳቀች፤ ከሁላችን ይልቅ እሷ።

ግንቦት ላይ ሞተች።
ለድንኳኑ ፎቶ ሲፈለግ ሣጥን ተገለበጠ፣
ፍራሽ ተነሣ፣ የጎረቤት አልበም ተገለጠ፤
መታወቂያዋ ላይ ያለው ፊት በላብ ታጥቦ አልቋል።
ክርን ደግሞ
አሳድጎ ድንኳን የሰቀለ ማን ያውቃል?

ይህን ለጌዲ አልነገርኩትም። ዋጋ ያስጨምራል።

ሌንሱን ገጠምኩት፤ ቀጭ አለ። ሃያው ላይ አቆምኩት።
ያቺ የእጅ መዳፍ የምታህል ሱቅ
እንደ ዣንጥላ ተዘረጋች፤
ጣሪያው፣ ወለሉ፣ ባጃጅ ሥር የተኛው ውሻ፣
ከመንገዱ ማዶ አቧራ የለበሰው ኒም፣
የጌዲ ሁለት ጉልበት፣ የውሃ ጀሪካኑ፤
ሁሉም ገቡ።
ገብተውም ቦታ ተረፈ።

"ግን ስሚ" አለ ጌዲ። ምርቃናው እውነት አናገረው።
"ጉድለት አለበት። መሐል ያለውን ያሳንሳል፤
ዳር የቆመውን ሰው ይለጥጠዋል፣ ያገዝፈዋል።
የሠርግ ደንበኛ አይወድም፤
ሙሽራዋ ፍሬ፣ ሚዜዋ ግንድ!
ለሱ ብዬ አምስት መቶ ቀንሼልሻለሁ።"

ብሩን ቆጠርኩለት። እጄ ተንቀጠቀጠ።
ሙቀቱ ነው አልኩት።

ልወጣ ስል አንዲት የሻይ ልጅ በሩ ላይ ደረሰች፣
ብርጭቆ ልትሰበስብ፤
ካሜራውን አየች፣ ትሪዋን ደረቷ ላይ ለጠፈች፣
ወደ መቃኑ ሸሸች።
"ይቅርታ፣ ልውጣላችሁ።"

"ባለሽበት ቁሚ" አልኳት።
"ገብተሻል።
ከነክርንሽ።"