ነጠላ ሰረዝ

ዘጠኝ ነበርን በቃ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል፣
አካላችን ወንበር ላይ፣ ልባችን ጀልባ ላይ የሚውል።
ከመስኮቱ ማዶ የዓሣ ፋብሪካ፣
ሽታው ሰተት ይላል በር ሳያንኳኳ።
ኒውፋውንድላንድ ነው፤ ጥር ነው፤ የባሕሩ ዳር ረግቷል፣
ማሞቂያው ቧንቧ ላይ የጋርላንድ ጓንት ተሰጥቷል።

ሚስ ፓርዲ መጣች፤ ካፖርቷ ላይ በረዶ፣
በብብቷ መጽሐፍ፣ ጥግ ጥጉ ተቀድዶ፤
ከኛ በፊት ያነበቡት ስማቸውን የጻፉበት፣
የእናቴም ስም አለ፣ በእርሳስ ተሞነጫጭሮበት።
ታሪኩ ስለ አንድ መርከበኛ፣ ሰጥሞ ስለ ቀረ፣
ደራሲው ባሕሩን በማንኪያ የሰፈረ።
ሲላስ ሲያነብ ይጋልባል፤ ነጥብ አያውቅ፣ ሰረዝ አያውቅ፤
«ተንፍስ!» ትለዋለች፣ «ዓረፍተ ነገሩ እንዳይታነቅ።»

«ድርሰት ጻፉ» አለች። እኔም ጻፍኩ እንደ ተማርኩት፤
አምስት አንቀጽ፣ እንደ ደንቡ፦ «እዚህ ባሕር የሞት ምልክት
ነው።» አራት ጥቅስ ለቅሜ፣ ከገጽ ቁጥሩ ጋራ፣
እንደ ደረቀ ዓሣ ደረደርኩ በተራ።

ሐሙስ ሲመለስልኝ ወረቀቱ ንጹሕ ነበር፤
ቀይ ቀለም የለ፣ ክብ የለ፤
ጠርዙ ላይ ብቻ፣ በደቃቅ ፊደል፦ «ያንቺስ ባሕር?»

ተናደድኩ። ምን አገባት? እሷ ከሩቅ የመጣች፣
በሦስት ዓመት ውል፣ መልሕቅ መሳብ የማታውቅ፣
የኔ ባሕር ምልክት አይደለም፤ ምንንም አይወክልም፤
ውሃ ነው፤ ያበላናል፤ ሲርበው ደግሞ አይምርም።

በዚያው ንዴት፣ ሌሊት፣ ከማጠቢያ ማሽኑ ጎን፣
ጻፍኩ፣ እቤት ሁላችን አውቀን ዝም ያልነውን፦
የአጎቴ የአምብሮዝ ቦቲ ከበሩ ጀርባ መቆሙን፤
እናቴ በየመስከረሙ ቅባት እንደምትቀባው፣
ስድስት ዓመት፣ ማንም ሳያጠልቀው፣ ማንም ሳይጥለው፤
ግራው ጫማ ውስጥ አንድ ካልሲ እስካሁን እንዳለ፤
አባቴ በዚያ ሲያልፍ፣
ለሰው መንገድ እንደሚለቅ፣ ገለል እያለ።
መግቢያ የለው፣ መዝጊያ የለው፤ አንድ አንቀጽ፣ እንደ ስልቻ፤
መጨረሻው «አጎቴ አምብሮዝ አልተመለሰም»፤ ይኸው ብቻ።

ሰኞ መለሰችልኝ። ማርክ አልሰጠችውም፤
«ጎበዝ» አላለችም፤ እንባም አላየሁባትም።
አንዲት ነገር ጨምራለች፣ በእርሳስ፣ የመጨረሻው መስመር ላይ፦
«አጎቴ አምብሮዝ፣ አልተመለሰም።»

ነጠላ ሰረዝ።

በሰዋስው ስሕተት ነው፤ እሷም ታውቃለች፤
ባለቤትና ግሥ አይለያዩም ብላ ራሷ አስተምራለች።
ጠጋ ብዬ «ይሄ ልክ ነው?» ብላት፣
«አይደለም» አለች፤ «ግን ጮክ ብለሽ አንብቢው፣
ማንም በሌለበት።»

አነበብኩት፣ ቦቲው ፊት ቆሜ። ስሙን ጠራሁ። ሰረዟ ጋ ስደርስ
ትንፋሽ ነበር ቦታው፤
አንድ ሰው በር ከፍቶ፣ በረዶውን አራግፎ፣ እስኪገባ ድረስ
የሚበቃ።

የሰኔው ፈተና ሌላ ሌላ ነገር ጠየቀ፤
ስድሳ ስምንት አገኘሁ፤ ጋርላንድ ወደቀ።
ሚስ ፓርዲ ውሏ አልቆ በመርከብ ተሻገረች፤
ደብዳቤ እጽፍላታለሁ ብዬ ነበር፤ አልጻፍኩም።

አሁን ፋብሪካው ውስጥ፣ ሚዛን ክፍል ነኝ፣
የሸርጣን ኪሎ መዝጋቢ፤
የጀልባው ስም፣ ሰዓቱ፣ ክብደቱ፤ ሌላ የለውም ዓምዱ።
ማታ ነፋስ ሲነሳ፣ አንዱ ጀልባ ሲዘገይ፣
ስሙን ቀድሜ እጽፋለሁ፤
ከጎኑ ነጠላ ሰረዝ አኖርና
ብዕሬን አንሥቼ
እጠብቃለሁ፣