የካውያው ጥላ

ሙሐረቅ ውስጥ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ ባለ አንድ በር ላውንደሪ ቤት፣
ስምንት ዓመት ቆሜ ስተኩስ የሰው ቶብ፣ የሰው ሱሪ፣ የሰው ክራባት፣
አንድ ቀን እጄ ቆመ።
ካውያው ግን እንደጋለ ነጩ ቶብ ላይ ተጋደመ።

አየሁት።
ጭሱ ሲነሳ አየሁ፤ ሽታው አፍንጫዬ ገባ፤
«አንሺው» አልኩ በልቤ፤ የማን እጅ እንደሆነ ግን ግራ ገባ።
ሺቡ ነው ከወዲያ ሮጦ ሶኬቱን የነቀለው፤
«ረውዳ!» ሲለኝ ስሜን የሰማሁት እንደ ሌላ ሰው።

ድንገት መጣ እንዳልል፣ ምልክቱ ከርሞ ነበር፦
ሻይ ውስጥ ጨው መጨመር፣
አንዱን የደንበኛ ኪስ ሦስቴ ፈትሾ መርሳት፣
የእህቴን መውለድ ሲያበስሩኝ «እሺ» ብሎ ስልክ መዝጋት።
«እሺ» ብቻ።
እልልታዬ የት ሄደ?

ስንፍና ነው አልኩ፤ ዓይን ነው አልኩ፤ ሰንብቼም ጅን ነው አልኩ፤
ዘምዘም ጠጣሁ፤ ጥቁር አዝሙድ ቃምኩ፤ ፓናዶል ዋጥኩ።
ጤና ጣቢያ ክንዴን ጠቅልላ የለካችኝ ነርስ
«ግፊትሽ ደህና ነው» አለች፤ ጽፋ ሳትጨርስ
ቀና ብላ፣ «መቼ ነው ያረፍሽው?» ብላ ጠየቀችኝ።
ልቆጥር ጣቴን ዘረጋሁ፤ እንባዬ ቀደመኝ።

የዚህች ከተማ ስም ከቃጠሎ ነው ይላሉ ዐረብኛ የሚያውቁ።
እኔ ግን የሚቃጠል ሁሉ የሚሸት ይመስለኝ ነበር፤
ለካ ሰው ሲነድ ጭስ የለው፣ ሽታ የለው፤
ትራሱን ብቻ ነው የሚያርሰው።

ካውያው እንኳ፣ ብረቱ፣
ሲበዛበት ሙቀቱ
ቀይ አምፖሉን አጥፍቶ ትንፋሽ ይሰበስባል።
ለኔ ማን እንዲህ ያለ አምፖል ተከለልኝ?
አገር ቤት «በርቺ»፣ እዚህም «በርቺ»፤
እኔ «ብሪ» ያሉኝ መስሎኝ
ነደድኩ።

ወር ሲገባ ወደ ሐርቡ ደወልኩ። «ከእንግዲህ ግማሽ ነው የምልከው።»
ዝም አሉ።
ያንን ዝምታ ስልኬ ላይ እንደያዝኩት፣ ሳልዘጋ፣ ሳልሞላው ቆየሁ።
የወንድሜ ባጃጅ ቆመ፤ እሱ ግን አልሞተም፤ እኔም አልሞትኩ።
አለቃዬን፣ ስለ ትርፍ ሰዓቱ ሲያነሳብኝ፣ «ላ» አልኩት።
ስምንት ዓመት ሙሉ የፈራኋት
አንዲት ፊደል ናት።

ዐርብ ዐርብ ባሕሩ ዳር እቀመጣለሁ፣ ምንም ሳልይዝ።
ውሃው ሲሸሽ ጀልባዎቹ ጭቃው ላይ ጋደም ይላሉ፤
ማንም «ሰነፍ» አይላቸውም።
ውሃው ሲመለስ
ይነሳሉ።

ድኛለሁ አልልም። ትናንት ጠዋት
አንድ ካልሲ ይዤ አልጋው ጠርዝ ላይ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥኩ።
ሻዬን ግን ቀመስኩት፤ ስኳር ነበረው።
ለእህቴም ደወልኩ፤ የልጁን ትንፋሽ አሰማችኝ፤
ዘግይቶ፣ ሦስት ወር ዘግይቶ፣ እልል አልኩ፤ ሺቡ ደነገጠ።

ያ ቶብ ዋጋው ከደሞዜ ተቆርጦ የኔ ሆነ።
ቀድጄ የትራስ ልብስ ሰፋሁት፤
ቡናማው የካውያ ጥላ ከጉንጬ ሥር ነው የሚያድረው።
ሌሊት ስባንን በጣቴ እዳስሰዋለሁ፤
በርዷል።