ዘጠነኛዋ ጥያቄ

ቢቸና ሆስፒታል፣ ክፍል ቁጥር ሰባት፣
ሁለት ወንበር አለ፣ አንዱ እግር የጎደለበት።
እንግዳ በደኅናው፣ እኔ በጎደለው፣
ሦስት ዓመት ጠየቅሁ፣ አራት መቶ አሥር ሰው።
ከሸበል በአይሱዙ፣ ከጎንቻ በበቅሎ፣
አንዳንዱ በገመድ፣ በወንድሙ ታዝሎ።
ቅጹ ዘጠኝ ጥያቄ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ፣
እያንዳንዱ መልስ ቁጥር የሚያወጣ፤
ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሲደመር፣
ሐዘን እንደ ጤፍ በቁና ሲሰፈር።

ወይዘሮ የሻረግ፣ የየትኖራዋ ሴት፣
ዘጠነኛዋ ላይ ስንደርስ ዝም አሉ ለጥቂት።
"ተስፋ ቆርጠው ያውቃሉ፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት?"
"ለመቁረጡማ ልጄ፣ አስቀድሞ መኖር አለበት።"
ቆዩ። ዝንብ አባረሩ። ከዚያ አሉኝ በቀስታ፦
"ሆዴን ባር ባር ይለዋል፣ በተለይ ወደ ማታ፤
ቤቱ ሰው ሞልቶበት፣ ለኔ ግን ወና ነው፣
ስስቅ ይሰማኛል፣ ሳቁ ግን የማን ነው?"

የትኛው ሳጥን ነው ይህንን የሚችለው?
ሁለት ላይ ከበብሁኝ፣ ሦስቱም ለሚያንሰው።
ቃላቸውን ግን በኅዳጉ ጻፍሁት፣
በእርሳስ፣ በትንሹ፣ እንደ ሰረቅሁት።

ጽሑፉን ላክሁት፣ እንግሊዝኛ አልብሼ፣
መብራት በመጣ ሌሊት አሥር ጊዜ ከልሼ።
የመጀመሪያው መጽሔት በሰባት ወሩ መለሰ፦
"ቢቸና የት ነው? ለአንባቢያችንስ ምን ይፈይዳል?
የሆድ ሕመም ከሆነ፣ ለውስጥ ደዌ ክፍል ይቀርባል።"
ሁለተኛው ተቀበለ፤ ከሥሩ ግን ዋጋ አለው፤
የአሥራ አራት ወር ደሞዜን፣ በዶላር የሚጠይቅ ነው።
ሳቅሁ።
ሳቁ ግን የማን ነው?

ከሦስተኛው፣ አንዲት አርታኢ፣ የማላዊ ሰው፣ ጻፈችልኝ፦
"ክፍያው ቀርቶልሻል። አንድ ነገር ግን ንገሪኝ፤
ይህን ባር ባር የሚለውን ለምን በግርጌ ደበቅሽው?
ወደ መሐል አምጪው።
በእናቴም ቋንቋ አለ፣ ሐኪም ያልተረጎመው።"
አራት ጊዜ ተመላለስን። አንዴ እሷ ተሳሳተች፣ አንዴ እኔ፤
ሠንጠረዥ ሁለት ላይ ድምሩ አልገጠመም፣ ያ ጥፋት የኔ።
በመጨረሻ ወጣ፤ ርእሱ ላይ በላቲን ፊደል፣ ባር ባር፣
ማንም በነጻ የሚከፍተው፣ እኛ ዘንድ ኔትዎርክ ቢኖር።

አልዋሽም፤ ባንቴ ዛሬም ከጠበሉ ደጅ ታስሯል፣
መድኃኒቱም ከመጋዘን ካለቀ አርባ ቀን ሆኖታል።
ወረቀት እግረ ሙቅ አይፈታም።
ባለፈው ሳምንት ግን፣ ከዞን አንድ ሰው መጥቶ ነበር፤
ያንን ገጽ አትሞ ይዞ፣ "ስንት አልጋ ይበቃችኋል?" አለ፤
አፌ ደረቀ፤ እስከዚያች ቀን የጠየቀን የለ።

ለየሻረግ አነበብሁላቸው፣ ቃላቸውን መልሼ በአማርኛ።
"ስሜ አለበት?"
"የለበትም፤ ቁጥር ነዎት፣ መቶ ሰባኛ።"
"ደግ አደረግሽ" አሉ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው።
ቆዩ። ዝንብ አባረሩ።
"ያቺን ዘጠነኛዋን፣ አንቺንስ ማን ጠየቀሽ?"
ፊደል አልቆጠሩም።
እስክሪብቶውን ግን ከእጄ ወስደው፣
ጠበቁኝ።