ለባለቤቱ ይመለስ

አርብሮዝ ላይ ዝናብ ከጎን ነው የሚመጣ፣
ከባሕሩ ተነሥቶ፣ ጨው ነክሶ እየወጣ።
ከደንዲ ያስነሣኝ አንድ ወሬ ነው፣ አንድ ጭምጭምታ፦
«የሟቹ የስትሩዋን እኅት ቤቷን ልትሸጥ ነው አሉ፤
ቆጡ ላይ ሣጥኖች አሉ።»

ስትሩዋንን በዐይን አላውቀው፤ የማውቀው የሠራውን ሥራ፦
ከአንድ ገደል መቶ ጊዜ ወድቆ የአወዳደቁን ተራ
ቆጥሮ መጻፍ፤ ያልጠና ግድግዳ በትከሻ እየገፉ
የዓለሙን ሽንቁር ማግኘት፣ ሌሎች ወድቀው ሳይጠፉ።
ከዚያ ስቱዲዮው ከሰረ። ወንበሩ በሐራጅ ሄደ።
ጌሙም ስም ሳይወጣለት፣ ገበያ ሳያይ ነጎደ።

ዊልማ ካርጊል በር ከፈተች፤ ሻይ የለም፣ ወግ የለም።
«መሰላሉ ከጓሮ ነው፤ ሦስተኛው እርከን አይታመንም።»

ወጣሁ። መንጠቆና ዘንግ፣ ብል የበላው የሱፍ ልብስ፣
የገና መብራት ጥቅል፣ የሞተ ንብ፣ የአይጥ ኩስ፤
ከሥሩ ግን፣ እጄ ከዐይኔ ቀድሞ ያወቀው ሰማያዊ ሣጥን፣
የሱቅ መስኮት አይቶ የማያውቅ፣ የሙከራ ማሽን።
ከጀርባው የተለጠፈ፣ ጫፉ የተላጠ ወረቀት፦
«አይሸጥም። የኩባንያው ንብረት ነው። ለባለቤቱ ይመለስ።»
ለማን? ቢሮው ዛሬ የጥርስ ሕክምና ቤት።

ስድስት ዲስክ አብሮት፤ ሆዳቸው አረንጓዴ ወርቅ፣
በማርከር፣ በችኩል እጅ፣ ፊደሉ ሊጠፋ ሲደርቅ፦
«ኖቬምበር ዐሥራ ሁለት፣ ማታ። ሦስተኛው ድልድይ ዛሬም ይፈርሳል።
አትጣሉት። ስትሩ ይፈልገዋል።»

«ስንት?» አልኩ ስወርድ። «አርባ ፓውንድ ይበዛል እንዴ?» አለች።
ናጎያ አንድ ሰው አውቃለሁ፣ ለዚህ መኪናውን የሸጠ፤
ሊል ላይ ሌላ አለ፣ ትዳሩን ሊያፈርስ የቆረጠ።
አልነገርኳትም። ሁለት ሃያ ቆጠርኩ፤ አንዷ ረጥባ ነበረች።

ሌሊት። መጀመሪያ መቅዳት ነው፤ ዲስክ እንደ ጥርስ ከዳር ይበላል፣
ዛሬ የሳቀልህ ነገ ባዶ ይሆናል።
አምስቱ ተነበቡ። ስድስተኛው አጓራ፣ ተንገጫገጨ፣ ቆመ፤
በአልኮል ጠረግኩት፣ ለመንኩት፤ ሊነጋ ሲል እንደ አንካሳ አዘገመ።

ውሃ የሌለው ሐይቅ። ጥላ የሌለው ዛፍ። ፀሐይ የሌለው ቀትር።
ሦስተኛው ድልድይ እንደተባለው ፈረሰ፤ በሌላ በኩል ዞርኩ፣ በግንቡ ሥር።
ማዶ አንዲት ግራጫ ሴት ቆማለች፤ ቀለም የላት፣ ፊት የላት፣
ጸሐፊው ቃሏን እስኪያመጣ፣ ስትሩዋን በራሱ እጅ ጽፎላት፦
«ዊልማ፣ መሰላሌን መልሺ። ሁለት ዓመት ሆነው።»

ሳቅኩ።
ሳቄ ሳያልቅ ሦስተኛው እርከን እግሬ ሥር ዋለለ።

ቤቴ ዐሥራ ሰባት ማሽን አለ፤ የሁሉም ጀርባ «ይመለስ» ይላል።
ለእኔ ያ ቃል ዋጋ ነበር፤ ተለጣፊው ካልተላጠ ይወደዳል።
ትእዛዝ መስሎኝ አያውቅም።
እኔን ብሎኝ አያውቅም።

ቅዳሜ ተመለስኩ፤ ማሽኑን፣ ኬብሉን፣ ወፍራሙን ቲቪ ተሸክሜ።
እውነተኛ ዋጋውን ነገርኳት፣ ምንጣፏ ላይ ውሃ እያንጠባጠብኩ ቆሜ።
ፊቷ አልተለወጠም። «አሳየኝ» አለች ብቻ፤
መያዣውን እንደ ትኩስ ሳህን ያዘችው፣ በጣቶቿ ጫፍ ብቻ።
ድልድዩ ፈረሰ። ወደቀች። ደገመች። ወደቀች።
በግንቡ ሥር ዙሪ አልኳት፤ እምቢ አለች።
ዐሥራ አንደኛው ላይ፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ተሻገረች።

አነበበች። ቆይታ ደግማ አነበበች።
«አንድ ዓመት ከሰባት ወር» አለች፣
«ሁለት አልሞላም። ሁሌም እንዳጋነነ ነው።»

ማሽኑ እዚያው ቀረ፣ ከመስኮቱ ሥር።
እኔን መሰላሉን አሸከመችኝ፤ ለምን እንደሆነ ሳትናገር።
መኪናዬ አናት ላይ በገመድ አሰርነው፤
እስከ ደንዲ ድረስ፣ በዚያ የጎን ዝናብ፣
ሦስተኛው እርከን ሲያንኳኳ ሰማሁት።