የአሊጋዝ መዝገብ

ሐረጎን ወርጄ፣ ኮምቦልቻን አልፌ፣
የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በደረት ኪሴ አጥፌ፣
ለባቡሩ ሐዲድ አፈር የዛቁበትን
ጉድጓድ ልመዘግብ መጣሁ፣ የተረፈ ንብረትን።

ሁለት አካፋ አለ፣ አንድ የዛገ በርሜል፣
ጎማ የሌለው ጋሪ፣ የቆርቆሮ ክፍል።
አንድ ዘበኛም አለ፣ እሱ አይመዘገብም፤
አሊጋዝ ይባላል፣ ሲጠይቁት ቶሎ አይመልስም።

መኪና ሲገባ ሲወጣ የሚጻፍበትን
መዝገብ አቀበለኝ፣ እርጥበት ያሳበጠውን።
«ገቢ» ይላል በግራ፣ «ወጪ» ይላል በቀኝ።
መኪና ከመጣ ሦስት ክረምት አለፈ፣ አለኝ።

ገለጥኩት።

ሐምሌ ስምንት፣ ገቢ፦ ሁለት ሳቢሳ። ታርጋ የላቸውም።
ሐምሌ አሥራ አንድ፣ ገቢ፦ እንቁራሪት። ብዛቱ አልታወቀም፤
ሌሊቱን በሙሉ ሲቆጠር አደረ፣ አልተኛሁም።
መስከረም ሦስት፦ ይብራ ከነጫጩቶቿ፣ ሰባት።
መስከረም አምስት፦ ስድስት። ምክንያት፦ ጭልፊት።
ጥቅምት፣ ቀኑ ጠፍቶኛል፦ ከሩቅ የመጡ፣ ስማቸውን የማላውቃቸው፣
እግራቸው ቀይ፣ ቀጭን፤ ወረቀት ሳልጠይቅ አስገባኋቸው።
ኅዳር ሰባት፣ ወጪ፦ የለም።
ኅዳር ስምንት፣ ወጪ፦ የለም።

ቀና አልኩ።
ፊላው ተነቃነቀ፤ ንፋስ ግን አልነበረም።
አንድ ነገር ጠልቆ ወጣ፤ ክቡ ሰፋ፣
ሰፋ፣ ዳር ሳይደርስ ጠፋ።
ከበርሜሉ ጫፍ ላይ፣ በቅጼ ተራ ቁጥር ሁለት፣
ዓሣ አጥማጅ ወፍ ተወርውሮ
ውሃውን እንደ ፖስታ ቀደደው።
በርሜሉ አሁን የማን ነው?
ዓሣውንስ ማን አመጣው?
«ቦርከና የሞላ ዓመት ለእንግድነት መጣ፣
ቦርከና ሲመለስ እሱ አልወጣ» አለ አሊጋዝ።

ደብዳቤውን አነበብኩለት፣ ድምፄን ጠርጌ፦
«ጉድጓዱ በአስቸኳይ ይሞላ።»
ኮፍያውን አወለቀ፤ ውሃውን አየ፤
እኔን ሳይሆን ውሃውን።
«አብሽር ጌታው» አለ፣ «ሞልቷል።»

ሃያ ስድስት ዓመት ቅጽ ስሞላ የኖርኩ ሰው ነኝ፤
ብዙ ክፍት ቦታ በውሸት ደፍኛለሁ፣
በእውነት የደፈንኩት ስንቱን ነው?
«የጉድጓዱ ሁኔታ» ከሚለው ፊት ለፊት
ሞልቷል ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ።
ማኅተሙን ሳሳርፍ እጄ ትንሽ ዘገየ፣
ይብራዋ ስድስቱን አስከትላ ስታልፍ ስለታየ።

ስወጣ ዞር አልኩ።
አሊጋዝ እርሳሱን በምላሱ አርጥቦ፣
መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ቀኑን አስተካክሎ
ጻፈ፦

ወጪ፣ አንድ ሰው።